ለችካሉ አሜን

ችካሉ በተተከለ በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጥጃዋን አሰረበት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስት ቀያሾች መጥተው፣ ማንንም ሳያናግሩ፣ ከበረታችን አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ሣር ከምናጭድበት መሬት ላይ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት በመዶሻ መትተው ሄዱ። እናቴ ወርቅቱ ውሃ እንኳ ይጠጡ እንደሆነ ጠይቃቸው ነበር፤ «ቸኩለናል» አሏት። ማክሰኞ ጠዋት አባቴ ገመዱን ችካሉ ላይ ሁለት ጊዜ አዙሮ ቋጠረና፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ፣ «መንግሥት ካስማ ሰጠን፤ እኔ ከቆረጥኩት ይጠነክራል» አለ። እናቴ የወተት ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ «አንተ ሰውዬ፣ ታሳስረናለህ!» አለችው። ከግቢያችን አንዲቱን ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው የአማርኛ መምህሬ አጵሎስ የጥርስ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ፣ አረፋው አገጩ ላይ እየወረደ፣ ቆሞ ቀረ። ጥጃዋ ብቻ ነገሩ ሳይደንቃት ችካሉን ትልስ ነበር።

ያንን ጠዋት ባስታወስኩ ቁጥር የሱሉልታ የታኅሣሥ ብርድ አፍንጫዬ ድረስ ይመጣል። አመዳዩ ሜዳው ላይ ጨው መስሎ ይነጣል፣ የሣሩ ክምር ይሸታል፣ ወተት የጫኑ አህዮች በጉም ውስጥ ወደ አስፋልቱ ሲሄዱ ጣሳው ሲንኳኳ ይሰማል እንጂ እነሱ አይታዩም። ዘመኑ የማስተር ፕላኑ ነበር፤ 2008። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ ካርታ ላይ አስቀምጠዋል ተባለ፤ እኛም ካርታውን ሳናየው ችካሉን አየነው። በየከተማው ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጥተዋል፣ ኢንተርኔት ይጠፋል ይመጣል፣ መንገድ ላይ ወታደር የጫኑ ፒካፖች ይመላለሳሉ። ከአጎራባች ከተማ ሁለት መምህራን ተወስደው የት እንደገቡ አልታወቀም። ያ ሁሉ እያለ ያን ጊዜ እናፍቃለሁ ብል ሰው ይታዘበኝ ይሆናል። ግን እናፍቃለሁ። የምናፍቀው ፍርሃቱን አይደለም፤ አባቴ በሕይወት የነበረበትን፣ ከክፍላችን ማዶ የመምህር አጵሎስ መብራት የሚታይበትን ግቢ ነው።

አጵሎስ የሆሳዕና ሰው ነው። እሑድ ከቸርች ሲመለስ በሐዲያ ቋንቋ መዝሙር እያንጎራጎረ ሸሚዙን ያጥባል። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና መጻሕፍት የተደረደሩባቸው ሦስት የለስላሳ ሳጥኖች ነበሩ። እናቴ ወተት ስትልክለት ጣሳውን ባዶ አይመልስም፤ ወይ ሎሚ ወይ ብርቱካን ያደርግበታል። ያን ማክሰኞ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ «ስላቅ» ብሎ ጻፈ። ከመጽሐፉ ላይ ትርጉሙን መገልበጥ ስንጀምር አጠፋው። «ዛሬ ጠዋት አንድ አባት ጥጃውን ችካል ላይ ሲያስር አየሁ» አለን። «ይህ ሰው ተሳደበ? አልተሳደበም። አለቀሰ? አላለቀሰም። አመሰገነ። ደብተራችሁ ላይ ይህን ጻፉ።» እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ፤ ስም ግን አልጠራም።

ከዚያ በኋላ ያለን ሁሉ እስካሁን አብሮኝ አለ። የሚጽፍ ሰው ከአንባቢው ቀድሞ መሳቅ የለበትም፤ ከሳቀ ለአንባቢው ምንም አይተርፍም። የምትጠሉትን ነገር እሱ ራሱ መሸከም እስኪያቅተው አመስግኑት፤ ቃሉንም ከእናንተ አታምጡ፣ ከራሱ አፍ ውሰዱት፤ «ልማት» ካለ «ልማት» በሉ። ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አትጻፉ፤ በለማኝና በበሽተኛ መሳቅ ስላቅ ሳይሆን ብልግና ነው። ደግሞም፣ አለና ጠመኔውን አስቀመጠ፣ አታብራሩት። ስላቅ ከተብራራ ሞተ። ያልገባው ሰው ሳይገባው ወደ ቤቱ ይሂድ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ተሳስቶ እውነት ቢመስለውስ?» ሲለው ሁላችንም ሳቅን። አጵሎስ ግን አልሳቀም፤ «እሱን ገና አልደረስንበትም» አለ።

የቤት ሥራው አንድ ገጽ መጻፍ ነበር። እኔ ለችካሉ ምርቃት ጻፍኩ፤ ቃላቱን የሰረቅኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ኦቦ መገርሳ በሰፈሩ መራቂ ነበር፤ ሠርግ ቢሆን፣ ደቦ ቢሆን፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው እሱ ነው። እኛ ዘንድ ምርቃት ብቻውን አይቆምም። አንዱ ሲመርቅ ሌላው አሜን ይላል፤ አሜን ያልተባለለት ምርቃት ቃሉ መሬት እንደወደቀ ነው የሚቆጠረው። ተኳርፎ የተቀመጠ ሰው እንኳ አሜን አይነፍግም። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ እያወቅኩ አንዴም አላሰብኩበትም፤ የታየኝ ጽሑፉ ማማሩ ብቻ ነበር። አጵሎስ ረቡዕ ዕለት አንብቦ ደብተሬን ሲመልስልኝ ፈገግታው ከጢሙ ሥር ሲያመልጥ አየሁት። «ሐሙስ በሚኒ ሚዲያው ይነበባል» አለኝ። ሚኒ ሚዲያ የምንለው በዕረፍት ሰዓት ከሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ባለው ድምፅ ማጉያ የምናሰማውን ዝግጅት ነው፤ አስተባባሪው እሱ ስለነበር ማንኛውም ጽሑፍ ያለ እሱ ፊርማ አያልፍም። በቀይ እስክሪብቶ፣ በጥንቃቄ፣ ከገጹ ግርጌ ፈረመበት።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ማይኩን ያዝኩ። ለመሳቅ ምንም ያህል አልቀረኝም፤ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ተክዬ አነበብኩ። «አባቶቻችን አርባ ዓመት አርሰው ያላበቀሉትን ልማት ይህ ችካል ያለ ዝናብና ያለ ማዳበሪያ በአንድ ቀን አበቀለው። ስለዚህ እንመርቀዋለን። ችካላችን ሥር ይስደድ። ቅጠል ያውጣ። እስከ ጫንጮ ይባዛ። ከብቶቻችን እሱን ልሰው ይጥገቡ። ቤታችን እንኳ ቢፈርስ ጥላው ይበቃናል።» ልጆቹ የስላቁን ሕግ ያውቁታል፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ አንዷ ቀሚሷን አፏ ውስጥ ጎሰረችው። አንድም ድምፅ አልወጣም። ማይኩን ሳጠፋ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን አልነበረም።

ኩራቴ አሥር ደቂቃ ቆየ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራሁ። እዚያ የማላውቀው እንግዳ ነበር፤ ከከተማ የመጣ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ለገበሬዎቹ ስለ ፕላኑ ሊያስረዳ የተላከ ኃላፊ። ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ወጣት ማለት ይህ ነው!» አለ። «እኛ ሦስት ወር ሙሉ ለማስረዳት የደከምንበትን አንቺ በአንድ ገጽ ጨረስሽው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ መጥተሽ ለወላጆችሽ ታነቢዋለሽ።» ርዕሰ መምህሩ የጠረጴዛውን መስታወት እያየ ነበር። ስላቁ ገብቶታል። እንደገባው ግን ማንም እንዳያውቅበት የሚጸልይ ይመስል ነበር። ሰውዬው ከደብተሬ የቀደድኩትን ወረቀት ተቀብሎኝ ግርጌውን አየና «መምህር አጵሎስ... ጎበዝ መምህር አላችሁ» ብሎ ኪሱ ከተተው።

አጵሎስን ከመምህራን ማረፊያ ጀርባ አገኘሁት። ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ይህንኑ የሚመስል ነገር ከልባቸው ከሚያወሩ ሰዎች ይሰማል። ያንቺን ከነሱ በምን ይለየዋል?» አላነብም ብል ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ከጠየቀ ይገባዋል፤ ከገባው ፊርማው ኪሱ ውስጥ ነው። አነባለሁ ብል ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አባቴና ጎረቤቶቻችን ይቀመጣሉ፤ እነሱ ስላቅ ብለው አይሰሙትም፣ የመገርሳ ልጅ ተሸጠች ነው የሚሉት። አጵሎስ ኮቱን አስተካክሎ «ልሂድና እውነቱን ልንገረው፤ እኔ ያዘዝኳት ነው እላለሁ» አለ። እጁን ያዝኩት። መምህሬን ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። «ቲቸር፣ ማሎ፣ እባክህ! እነዚያን ሁለት መምህራን እኮ እስካሁን ያያቸው የለም» አልኩት። ደወሉ እስኪደወል ቆመን የባሕር ዛፎቹን አየን።

አዳራሹ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው በግማሹ አረንጓዴ የተቀባ ነበር። ከፊት ለፊት ቢጫ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ በላዩ ላይ ሦስት የታሸገ ውሃ፤ ገበሬዎቹ የእንጨት አግዳሚ ላይ። አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከኦቦ ቀጄላ ጎን ተቀምጧል። ሁለቱ በሬ አጣምረው ሲያርሱ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ አንዱ የት ሄደ ሲባል ሌላውን መጠየቅ ነው። አጵሎስ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሰውዬው አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ፤ ካሳው በካሬ ስንት እንደሆነ፣ አስፋልቱ የት እንደሚደርስ። ማንም አልጠየቀም። ከዚያ እኔን አስተዋወቀ። ወረቀቱን ልቀበለው ስል የቀበሌው ሊቀ መንበር ኦቦ ሚልኬሳ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አንሾካሾከለት፤ ሰውዬውም ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነው። በኦሮምኛ በይላቸው፤ እኔ በአማርኛው እከተልሻለሁ» አለና ወረቀቴን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

ይህን አላሰብኩም ነበር። በአማርኛ፣ በደብተር ላይ፣ በማይክ ውስጥ ቀልድ ነበር። በአባቴ ቋንቋ፣ በአባቴ ጓደኞች ፊት ቆሜ ስለው ግን ቀልዱ እጄ ላይ ጠፋ። እያንዳንዱ ቃል የሠርግና የእርቅ ቃል ነበር፤ ሁሉም ከየት እንደመጣ ያውቃል። «ችካላችን ሥር ይስደድ» አልኩ በኦሮምኛ፣ ድምፄም እንደ መራቂ በመጨረሻው ከፍ አለ፤ ሌላ አመራረቅ አላውቅም። ዝም አሉ። መቶ ሃምሳ ሰው ለምርቃት ዝም ሲል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። «ቅጠል ያውጣ።» ዝም። ኦቦ ቀጄላ ቀስ ብሎ ወደ አባቴ ዞረና እንደ ማያውቀው ሰው አየው። ሰውዬው ጣቱን ወረቀቱ ላይ እንዳስቀመጠ ቀና አለ። «ምነው? ምርቃት ነው እኮ፣ አሜን አይባልም?» አለ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ፤ ቅንድቦቹ ቀስ በቀስ ሲቀራረቡ ይታየኛል። ከዚያ ዓይኑ ወደ በሩ፣ ወደ አጵሎስ ሄደ። አሁን ገባው፣ አልኩ በልቤ። አሁን አለቀልን።

አባቴ ያን ጊዜ ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀ፣ አግዳሚው ላይ አኖረው፣ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋና «አሜን» አለ። ድምፁ በደቦ ቀን የሚያወጣው ድምፅ ነው። አሜን ላልተባለላቸው ለሁለቱ መስመሮችም እንዲሆን ደግሞ አለው፤ «አሜን።» ከዚያ ዓይኖቹን እኔ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። «እስከ ጫንጮ ይባዛ» አልኩ። «አሜን።» «ከብቶቻችን እሱን ልሰው ይጥገቡ።» «አሜን።» የመጨረሻዋን ልዘላት ፈልጌ ነበር፤ የሰውዬው ጣት ግን እሷው ላይ ደርሶ ይጠብቀኛል። «ቤታችን እንኳ ቢፈርስ ጥላው ይበቃናል» አልኩ። አባቴ መዳፉን አላወረደም። ቤቱን የሠራው በእጁ ነው፤ እኔም ወንድሞቼም የተወለድነው እዚያ ውስጥ ነው፤ ምርቃት ደግሞ ለእሱ ቃል ብቻ አልነበረም፣ አሜን ከተባለለት የሚይዝ ነገር ነው። «አሜን» አለ፤ ብቻውን፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል። ሰውዬው አጨበጨበ። ኦቦ ሚልኬሳ መሬት መሬት እያየ አብሮት አጨበጨበ። ወረቀቱ ተጣጥፎ ለእኔ ተመለሰ።

ስንወጣ ማንም አባቴን «ደህና ዋል» አላለውም። ኦቦ ቀጄላ ከፊቱ አልፎ፣ ትከሻው ትከሻውን ሊነካው ሲል ገሸሽ ብሎ፣ ብቻውን ወደ ቤቱ አቀና። ሃያ ዓመት አብረው የሄዱበት መንገድ ነው። እኛ ሁለታችን በሣር ክምሮቹ መሃል ተያይዘን ሄድን፤ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ጥላችን ረዝሞ ነበር። እያለቀስኩ እንደሆነ ያውቃል፣ ዞሮ ግን አላየኝም። ግማሽ መንገድ ስንደርስ «ቀልድ ነበር አይደል፣ ሄመን ልጄ፣ ኢንተለ ኮ?» አለኝ።

«አዎ አባ። ቀልድ ነበር።»

«ጥሩ ቀልድ ነው» አለ። ጥቂት እርምጃ ሄደን፣ «ያቺ የጥላዋ ነገር ግን... እሷን ከኔ አልሰማሽም» አለ።

«እሷን ራሴ ነኝ የጨመርኳት።»

«እሷ ናት ጥሩዋ» አለኝ። ስለዚያ ቀን ከዚያ ሌላ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጽሑፌ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፤ እንደዚያ ሆዴን ያባባው ግን የለም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ደጃፍ ቆማ ነበር፤ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። አባቴ አልፏት ወደ ችካሉ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታና ጥጃዋን ወስዶ አጥሩ ላይ፣ ድሮ የነበረችበት ቦታ፣ አሰራት። እናቴ «ምነው?» ስትለው «አሜን ብዬበታለሁ፤ ከእንግዲህ አይቀለድበትም» አላት። ማታ አጵሎስ የእኛን በር አንኳኩቶ ቆመ፤ ቆቡን በእጁ ሲያዞር አባቴ «ግባ እንጂ መምህር፣ ብርድ ነው» አለው፤ ገብቶ ቂጣ በወተት በላ፤ ስለ ሆሳዕና የእንሰት ዓይነት አውርተው ተለያዩ።

ቀጥሎ ያሉት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ልጆቹ ለወላጆቻቸው «ሄመን እኮ እየቀለደች ነው» ብለው ተናግረዋል፤ መልሱ ግን አንድ ነበር፤ «ልጅቷስ ትቀልድ፤ አሜን ያለው መገርሳስ?» በዚያው ሰሞን ሰፈር ውስጥ ሠርግ ነበር፤ መራቂ ከሌላ ቀበሌ አስመጡ። አባቴ ከኋላ ተቀምጦ ጠላውን ጠጥቶ መጣ። ቤታችን ውስጥ ሬዲዮኑ ብቻ ያወራል። ኦቦ ቀጄላ በሬውን ከሌላ ሰው ጋር አጣመረ የሚባል ወሬ የመጣ ዕለት አባቴ እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

አጵሎስ ያደረገውን ያወቅኩት በኋላ፣ ከራሱ ከኦቦ ቀጄላ አፍ ነው። አንድ ቅዳሜ ወረቀቴን ተውሶኝ፣ በእግሩ ወደ ቀጄላ ቤት ሄዶ፣ በራፉ ላይ ባለ ግንድ ላይ ተቀምጦ ጽሑፉን መስመር በመስመር አብራራለት። ይህ ለምን እንደዚህ እንደተባለ፣ የት ላይ እንደሚሳቅ፣ ወረቀቱ ላይ የማን ፊርማ እንደነበር፣ ሰውዬው ነገሩ ሊገባው ምን ያህል ቀርቶት እንደነበር። «ያ ሰው አሜን ያለው ለችካሉ አይደለም፤ ለእኔና ለልጁ ነው» አለው። ቀጄላ ለማንም ቢናገር የሚወሰደው ራሱ አጵሎስ ነበር። እሱ ያን አላሰላውም፤ ወይም አስልቶ ተወው። ስላቅ አይብራራም ያለን ሰው፣ አንዱን ስላቅ ለአንድ ሽማግሌ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲያብራራ ዋለ። ዛሬ ሰበታ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር እዚያ ትምህርት ላይ እደርስና፣ ያን የኋላ ወንበር ልጅ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ተማሪ አላጣም። የምመልስለት ይህንን ነው፤ ከመጻፍህ በፊት አሜን የሚልልህ ማን እንደሆነ አስብ፣ እላለሁ። አብዛኞቹ አይገባቸውም፤ እኔም አላብራራላቸውም።

ማስተር ፕላኑ ቀረ የሚለው ወሬ ከመምጣቱ በፊት፣ ጥር ሊገባ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ይመስለኛል፣ ጠዋት አባቴ ላም ያልባል፣ እኔ ጣሳውን ይዤለታለሁ። አመዳዩ ገና አልቀለጠም። ኦቦ ቀጄላ በአጥሩ ክፍተት፣ እንደ ድሮው በሩን ትቶ፣ ገባ። ሰላም አላለንም። ቀጥ ብሎ ወደ ጥጃዋ ሄደ፣ ከአጥሩ ፈታት፣ ጎተት ጎተት አድርጎ ወሰዳትና ችካሉ ላይ ገመዱን ሁለት ጊዜ አዙሮ ቋጠረ። መጥበቁን በእጁ ሞከረ። ከዚያ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ ወደ እኛ መጥቶ አባቴ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«አካም ቡልቴ፣ መገርሳ፣ እንዴት አደርክ» አለ። «ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ጥጃዋ ጥላ ትፈልጋለች ብዬ ነው።»

አባቴ እጁን ከላሟ ጡት ሳያነሣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ጣሳውን አስቀምጬ ጎንበስ ብዬ አየሁት። እየሳቀ ነበር።